የሚፈላው ብርሃን

ጣሊያን አገሩን በያዘ በአምስተኛው ዓመት ነው፤ አንኮበር። ባለ ወፍጮው ገብረ ጻድቅ ጠዋት ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ፣ ከጣሊያን ካሚዮን የተፈታ ባትሪ ሁለት ሽቦዎች ምላሱ ላይ ያሳርፋል። ጎምዝዞት ፊቱ ሲጨማደድ «ሞልቷል» ይላል። ዛሬ፣ በአስተርዮ ማርያም ማለዳ፣ ፊቱ አልተጨማደደም። ሚስቱ ለተጊዮርጊስ ኩታውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

ለተጊዮርጊስ፦ ልበስና ሂድ እንጂ፤ ማኅበርተኛው ይጠብቅሃል።

ገብረ ጻድቅ፦ አልሄድም አልኩሽ እኮ።

ለተጊዮርጊስ፦ በማርያም ከማኅበር የሚቀር ጤነኛ ሰው አለ?

ገብረ ጻድቅ፦ ማታ ወንድምሽ አርበኞቹ ከጣሊያን የማረኩትን ራዲዮ ይዞ ይመጣል። ጃንሆይ ገቡ የሚባለው እውነት መሆኑን ካልሰሙ የጣሊያንን ምሽግ ከበባ ትተው ቆላ ይወርዳሉ። እኔ ጠላ ስጠጣ ልዋል?

ለተጊዮርጊስ፦ ባትሪው ግን ባዶ ነው።

ገብረ ጻድቅ፦ ባዶ አይደለም፤ ገና አልፈላም።

ለተጊዮርጊስ፦ ምን አልክ?

ገብረ ጻድቅ፦ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ሦስት ወር ካሚዮን ያጠብኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?

ለተጊዮርጊስ፦ አንተ። ሸሚዝህ እስካሁን ይመሰክራል።

ገብረ ጻድቅ፦ እንግዲያው ስሚ። የካሚዮኑን ዲናሞ ከወፍጯችን መዘውር ጋር በጠፍር አስሬ ብርሃን እፈጫለሁ። ባትሪው ጎታው ነው። በበዓል ወፍጮው ይቆማል፣ አይደል? በሚካኤል ቆመ፤ ማታ ባትሪው ሞልቶ አገኘሁት። በገብርኤል ቆመ፤ ሞልቶ አገኘሁት። ምን ማለት ነው?

ለተጊዮርጊስ፦ ምን ማለት ነው?

ገብረ ጻድቅ፦ ብርሃን እንደ ጠላ ነው። በበዓል ተከድኖ ሲያርፍ ይፈላል።

(ለተጊዮርጊስ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች።)

ለተጊዮርጊስ፦ የሚፈላ ነገር ጠባቂ አይፈልግም። ሂድ በቃ።

ገብረ ጻድቅ፦ ቢገነፍልስ?

ለተጊዮርጊስ፦ ማሰሮ አቀርብለታለሁ።

ገብረ ጻድቅ፦ ብርሃን በማሰሮ? አይ የኔ የዋህ።

(ረፋድ ሆነ። ገብረ ጻድቅ ለአምስተኛ ጊዜ ይልሳል።)

ለተጊዮርጊስ፦ እህ?

ገብረ ጻድቅ፦ ማንኪያ ማንኪያ ይላል፤ አይጎመዝዝም።

ለተጊዮርጊስ፦ እንግዲህ ሳይመሽብን ቁልቁል እንውረድ፤ ረሒማ ወፍጮ። የእሷ ለጁምዓ ሰላት እንጂ ለማርያም አይቆምም።

ገብረ ጻድቅ፦ እኛን ምን አገባን?

ለተጊዮርጊስ፦ አንተ ማኅበር ስትውል ዲናሞውንም ባትሪውንም በአህያ ጭኜ የምወርደው እዚያ ነው። ማታ ሞልቶ ታገኘዋለህ።

(ገብረ ጻድቅ ሽቦዎቹን ያስቀምጣል።)

ገብረ ጻድቅ፦ በሚካኤልም?

ለተጊዮርጊስ፦ በሚካኤልም።

ገብረ ጻድቅ፦ በገብርኤልስ?

ለተጊዮርጊስ፦ በገብርኤል አህያዋ አነከሰች። በጀርባዬ።

ገብረ ጻድቅ፦ ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?

ለተጊዮርጊስ፦ ሰፈሩን ሰብስበህ ስለ መፍላት ስታስተምር ደስ ብሎህ ነበር። እንዴት ብዬ ላቋርጥህ?

(ገብረ ጻድቅ ባትሪውን፣ ለተጊዮርጊስ ዲናሞውን አቅፈው ወደ አህያዋ ይወጣሉ። ሲጭኑ ዘርአ ዳዊት፣ ወንድሟ፣ ራዲዮውን በጋቢ ጠቅልሎ ከአጥሩ ማዶ ብቅ ይላል።)

ገብረ ጻድቅ፦ (በሹክሹክታ) ቀደመን። ረሒማንም ንገሪው፣ ጀርባሽንም ንገሪው። የትናንት ማታውን ብቻ ተይልኝ።

ለተጊዮርጊስ፦ እሺ።

(ዘርአ ዳዊት ይገባል። ባትሪውን ጠጋ ብሎ ያሸትና ግንባሩን ይቋጥራል።)

ለተጊዮርጊስ፦ እንኳን መጣህ ወንድሜ። ረሒማ ወፍጮ አብረን እንውረድ፤ ለማታ ይሞላልሃል። ሽታው እንኳ የጌሾ ነው፤ ቶሎ እንዲፈላ ብሎ ትናንት ሲነሰንስበት አመሸ።