ሁለት ቀን ያለው ጊዮርጊስ

የነገሩ ዋጋ አንዲት በቅሎና ሠላሳ ፍየል ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ስለ ቅዱሳን የሚያወራ ሰው ብዙውን ጊዜ ሒሳቡን ስለሚደብቅ ነው።

ሰው የማያውቀውን ይጠይቃል፣ የሚጠራጠረውን ይመዝናል፤ የጊዮርጊስን ቀን ግን ማን ይጠይቃል? ወንበራ ተወልጄ፣ እዚያው ክርስትና ተነሥቼ፣ ጊዮርጊስ መቼ ነው ብዬ ብጠይቅ በክርስትናዬ የሚስቅ አይጠፋም። እንዲህ ያለው እውቀት ነው የሚያከስረው።

በዚያ ዘመን ከአሶሳ ወደ ቶንጎ በሚወስደው መንገድ፣ የአንድ ቀን ጉዞ ላይ፣ አንድ ፈረንጅ ቄስ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር። ካቶሊክ ናቸው ሲባል ፊቴን ላዞር ነበር፤ በጊዮርጊስ ስም ነው የተሠራው ሲሉኝ መለስኩት። ጊዮርጊስ የትም ቢሄድ ዘመድ አያጣም። የቄሱ አስተርጓሚ ተሰማ አሶሳ ገበያ አገኘኝና፣ ለበዓሉ ከወለጋ ሳይቀር ሰው እንደሚመጣ፣ የሚታረድ ግን እንደሚያጥራቸው አጫወተኝ። ቀኑን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ያለኝ ሀብት አንዲት በቅሎ ነበረች። ጨው ተሸክሜ በእግሬ ዓባይን ስሻገር ኖሬ፣ ከዓመታት በኋላ የገዛኋት ናት። በእርሷ ላይ ስቀመጥ መንገደኛው ሁሉ «ጌታው» ይለኛል፤ ስወርድ ያው ወርቁ ነኝ። እርሷን አሶሳ አጠገብ ለሚኖር ሐሰን ለሚባል ወዳጄ ሰጥቼ ሠላሳ ፍየል ወሰድኩ። ሐሰን የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ አማርኛን እንደ ተዋሰው ዕቃ ይይዘዋል። ፍየሎቹ ሲሸጡ በቅሎዬን መልሼ ሌላ እጨምርበታለሁ ብዬ ነዳሁ። መንገድ ላይ አንዱን ጅብ በላው።

ሚያዝያ ሃያ ሁለት ከቀትር በኋላ ስደርስ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጭር ብሏል። ዳሱን እያፈረሱት ነው። ተሰማ ፍየሎቹን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

«አያ ወርቁ፣ ጊዮርጊስ እኮ አለፈ። ሳምንት ሆነው።»

«ጊዮርጊስ ነገ ነው» አልኩት።

«የእናንተ ነገ ነው። የአባ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ይቀድማል።»

እንግዳው በልቶ ተበትኗል። ጥፋቱ የሰማዕቱ አይደለምና አንድ ፍየል ለቤተ ክርስቲያኑ ተውኩ። በማግስቱ፣ ወንበራ ላይ ዘመዶቼ ሥጋ ሲቆርጡ፣ እኔ የፍየል አቧራ እየዋጥኩ ወደ አሶሳ ተመለስኩ። በእግሬ። ጌታው የሚለኝ አልነበረም።

ሐሰን ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ወዳጄ፣ ፍየል የኔ ሐጅ ሄዶ መጣ?»

ሲስቅብኝ ያመሻል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ግቢው በዘመድ ተሞልቷል፤ ነገ አረፋ ነው። ሐሰን ፍየሎቹን ለእኔ ሰጥቶ፣ ለበዓሉ ከገበያ እገዛለሁ ብሎ ተዘናግቶ ሲሄድ፣ ፍየል ቀድሞ አልቋል። ትከሻውንም ያሻል። በቅሎዬ ከቤተሰቡ አንድም ሰው በጀርባዋ አላሳረፈችም።

«ይሄ በቅሎ ሰው አይሰማም» አለኝ። «ሠላሳ ሰጠሁ፣ ሃያ ስምንት መጣ። ሃያ ስምንት ስጥ፣ በቅሎ ውሰድ።»

«ያን ጊዜ ተራ ቀን ነበር፤ ነገ አረፋ ነው። ዐሥራ አምስት።»

«ወላሂ፣ አንተ የጊዮርጊስ ቀን አታውቅ፣ የአረፋ ቀን ታውቅ!»

በሃያ ተስማማን። በዓሌን ሳታይ አትሄድም ብሎ አሳደረኝ። ነጋና ፍየሎቼ ታረዱ፣ ተጠበሱ፣ ተበሉ። የሙስሊም እርድ እንደማንበላ ሐሰን ስለሚያውቅ ገንፎ በማር አቀረበልኝ። ሽታው ግን የማንም ሃይማኖት አልነበረም።

እንግዲህ ሒሳቡ ይኸው። በቅሎዬ ተመልሳለች። ከፊቷ ስምንት ፍየል እየነዳሁ አገሬ ገባሁ፤ ይህ ትርፍ ነው። አንዱ የጅብ፣ አንዱ የጊዮርጊስ፤ ይህ መንገድ የሚወስደው ነው። ኪሳራው ሌላ ነው። የፈረንጁ ጊዮርጊስ፣ የእኛው ጊዮርጊስ፣ አረፋ፤ በሦስት በዓል መካከል ፍየል እየነዳሁ አልፌ አንድ ቁራሽ ሥጋ አልቀመስኩም።