ተርቦው ላይ የደረብኩት

አንድ ነገር አልበቃ ሲለን የምናውቀው መድኃኒት መደረብ ነው። የበሩ ቁልፍ አላስተማምን ሲለን ሌላ ቁልፍ እንሰቅልበታለን። ኮሚቴው ሥራውን ካልሠራ የኮሚቴው አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማል። የመጀመሪያው ለምን አልበቃም ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም፤ ቢገኝም የሁለተኛው ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኖ ይመረጣል። እኔ ራሴን ከጠያቂዎቹ ወገን እቆጥር ነበር። አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ድሮም ቢሆን ስለ ምንም ነገር እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

ሰቆጣ የመጣሁት የመኪና ሞተር እንዳስተምር ተመድቤ ነው። ከተማው ውስጥ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ኑሩ ስኳርና ሳሙና ወደ ኒሯቅ ገበያ የሚያወርዱበት አንድ አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ነበራቸው። የሚነዱላቸው ጋሽ ካሳዬ የፃግብጂ ሰው ናቸው፤ ባለትዳርና የአምስት ልጆች አባት። ፒክአፑ ከሄደ ቤታቸው ይበላል፣ ከቆመ ቤታቸው ይቆማል። ይህን፣ ፒክአፑን ከመነካካቴ በፊት አውቅ ነበር። አላወቅሁም ብዬ ማምለጥ አልችልም።

ፒክአፑ ተርቦ ነበረው። ተርቦ በሞተሩ ጭስ እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር የሚግት መሣሪያ ነው፤ ጠባዩ ግን እንደ አንዳንድ የቢሮ ሰው ነው፤ ሥራ የሚጀምረው ሌላው ሠርቶ ከጋለ በኋላ ነው። ከኒሯቅ ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ይደክማል፣ ጭሱ ያንሳል፣ ተርቦው ያንቀላፋል፣ ጋሽ ካሳዬም በአንደኛ ማርሽ እየተሳቡ ይወጣሉ። አንድ ቀን ሐጂ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ አስቁመውኝ፣ «ልጄ፣ የተማርከው ለዚህ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ወጣት መምህርን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ለሕፃን ክብሪት ከማቀበል በምን ይለያል?

መልሴ ሱፐርቻርጀር ነበር። እሱም አየር ይግታል፤ ነገር ግን የሚዞረው በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ታስሮ ስለሆነ ማንቀላፋት አያውቅም። ተርቦው እስኪነቃ ይህኛው ይሠራል፤ በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ የሥራ ክፍፍል አይቼ አላውቅም። ሐጂ አዲስ አበባ ባለ ዘመዳቸው በኩል ያገለገለ አስገዙ፤ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ፣ በወልድያ አድርጎ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ መጣ። ጋሽ ካሳዬ ማዳበሪያውን ከፍተው አዩትና፣ «ይኼ ደግሞ የማን ሆድ ዕቃ ነው?» አሉ። ከዚያም፣ «መምህር፣ አንድ የሚነፋለት አለው። ሁለት ሆነው ሲነፉበት አይፈነዳም?» ብለው ጠየቁ። በስሌት እንደሠራሁት ነገርኳቸው። በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣና አንድ ነገር አጉረመረሙ። ትርጉሙን ብጠይቅ ለመምህር አይተረጎምም አሉኝ።

በእርግጥም አስልቼ ነበር። የሰቆጣ አየር ስስ ስለሆነ ሱፐርቻርጀሩ በፍጥነት እንዲሽከረከር ቺንጋው የሚያዞረው ትንሽ መዘውር መረጥኩለት፤ ናፍጣውንም በመጠኑ ጨመርኩ። እያንዳንዱን ብሎን ሦስት ጊዜ አጠበቅሁ። መሪው አጠገብ የግፊት መለኪያ ገጥሜ፣ መርፌው ማለፍ የሌለበትን ቦታ በቀይ ቀለም ምልክት አደረግሁበት። ለሳምንት ያህል በከተማው ዳገቶች ላይ ሞከርነው። በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ ነበር። ሐጂ መረቁኝ። ጋሽ ካሳዬ እንኳ አንድ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አይቻለሁ፤ ወይም ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ገብታ ይሆናል።

ወደ ኒሯቅ በመጀመሪያው ጉዞ ደብተሬን ይዤ አብሬያቸው ወረድኩ። ቁልቁለቱን በሰላም ጨረስን። ስኳሩ ተሸጠ፤ ለመልስ ሐጂ ያዘዟቸውን አሥራ ሁለት ፍየሎች ጫንን። ዳገቱ ሥር ጋሽ ካሳዬ ነዳጁን ሲረግጡ መርፌው ቀዩን ምልክት በአንድ ትንፋሽ አለፈው።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ? አቁሙ ትላለህ። እኔ ግን መጠራጠር የለመድኩ ሰው ነኝና መርፌውን ተጠራጠርኩት። ጋሽ ካሳዬ፣ «ይኼ ነገር አልፏል፤ ላቁም?» አሉኝ። ስሌቴ እንዲህ ሊያሳይ አይችልም፣ መለኪያው ተበላሽቶ መሆን አለበት፣ ይንዱ አልኳቸውና ደብተሬ ላይ «መለኪያው ይመርመር» ብዬ ጻፍኩ። አራት ነጥቡን ሳስቀምጥ ሞተሩ ፈነዳ።

መለኪያው ጤነኛ ነበር። እኔ ያሰላሁት ለደጋ አየር ነው። ቆላ ሲወረድ አየሩ ይወፍራል፤ ያ ትንሽ መዘውር ደግሞ ወፍራሙን አየር እንደ ስሱ እየቆጠረ ያንኑ ያህል ይግታል። ዳገት የሚወጣ መኪና መጀመሪያ ቁልቁለት እንደሚወርድ በደብተሬ ውስጥ አንድም ቦታ አልጻፍኩም። ፍየሎቹን አውርደን እየነዳን ወጣን። እነሱ ዳገቱን ያለ ተርቦም ያለ ሱፐርቻርጀርም ጨርሰው ሰቆጣ የገቡት ፒክአፑ ተጎትቶ ከመምጣቱ ሁለት ቀን ቀድመው ነው።

ሞተሩን ስከፍተው የሞተሩ ክዳን ቴስታታው ተሰንጥቋል፣ ሁለት ፒስተን ቀልጧል። ለሐጂ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በቅደም ተከተል ማስረዳት ስጀምር እጃቸውን አነሡ። «ዕድሜው ነው፤ አላህ የቆረጠለት እስከዚህ ነው» አሉ። ለጠየቃቸው ሁሉ ይህንኑ ነገሩ። ቢሰድቡኝ እንዴት በቀለለኝ ነበር። ፒክአፑ ግቢያቸው ውስጥ ቀረ፤ ጋሽ ካሳዬም ሥራ ፈቱ። አራት ወር ሙሉ መናኸሪያው በር ላይ ቆመው ሹፌር የሚፈልግ ሰው ሲጠብቁ በየቀኑ አልፋቸዋለሁ። «ደኅና አደሩ» እላለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ መምህር» ይሉኛል።

በመጨረሻ አንድ ባለ ሚኒባስ ቀጠራቸው። የዚያን ሳምንት እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ባለ ሚኒባሱ ራሱ ከጋሽ ካሳዬ ጋር የማስተምርበት ግቢ ድረስ መጣ። የሐጂ ፒክአፕ በዕድሜው ከመሞቱ በፊት ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ እንደነበር ሰምቷል፤ የእሱም ተርቦ አለው፤ ያንኑ እንድደርብለት ይፈልጋል። ዕድሜው እንዳልሆነ፣ የገደልኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። ደብተሬን ዘርግቼ የተሳሳትኩበትን ገጽ አሳየሁት። ሰውየው ገጹን በአክብሮት ሲያየው ቆየና፣ «ጥፋቱን እንዲህ አበጥሮ ያወቀ ሰው ሁለተኛ አያጠፋም» አለኝ። ሱፐርቻርጀሩን ሊያዝዝ ወጣ።

ከመሪው ጀርባ ሆነው ሲሰሙን የነበሩት ጋሽ ካሳዬ ወረዱ። ብርድ ልብሳቸውንና የውሃ ጀሪካናቸውን ከሚኒባሱ ማውጣት ጀመሩ።

«መምህር፣ ባጃጅ ብነዳ፣ እሱ ተርቦ የለውም አይደል?» አሉኝ። የለውም አልኳቸው። «ያኛውስ? ሆድ ዕቃው፣ ባጃጅ ላይ ይገጠማል?»

በንድፈ ሐሳብ ደረጃ፣ ብዬ ጀመርኩ። እስክጨርስ አልጠበቁኝም፤ የሚኒባሱን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀምጠው በእግራቸው ሄዱ።