ሦስት ጀግና መንደር አይሆንም

ሰው ሁሉ ጀግና ልሁን ካለ ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? ይህን የጠየቅኩት ጊንጪ፣ እቤቴ፣ የእህቴ ልጅ ላሊሴ ጓደኞቿን ይዛ የመጣች ቅዳሜ ነው።

ላሊሴ አምቦ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። በእረፍቷ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። እንዴት አትሉም? ጨዋታ አላቸው። እያንዳንዱ አንድ ሰው ይፈጥራል፤ ስም ያወጣለታል፣ ጠባይ ይሰጠዋል፣ ከዚያ በእሱ አፍ ያወራል። ላሊሴ ደግሞ ጫካውንና ዘንዶውን ሆና ትጠብቃቸዋለች። ግብግብ ሲመጣ የሉዶ ዳይስ ይጣላል። ይሄማ እኛ መንደር ያለ ዳይስ የምንኖረው ነገር ነው።

የዚያን ቀን ፊቷ ጠቁሯል። ጨዋታው ጣዕም አጥቷል፤ ዛሬም ካልሰመረ ሊበተኑ ነው። እሷ ደግሞ ከበሽተኛ ጋር ስትውል ሰንብታ የምትስቀው እዚያ ብቻ ነው።

ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ቶሌራ ጎራዴ የታጠቀ ጀግና ፈጠረ። ሄኖክም ጎራዴ የታጠቀ ጀግና። ቦንቱ ጀግኒት ሆነች፤ ጎራዴዋ ግን ሁለት። ዘንዶው ፊት ሲደርሱ ሁሉም "እኔ ልቅደም" አለ። ሲጨቃጨቁ ዘንዶው ጠብቆ ጠብቆ አዛጋ።

"ጎበዝ፣" አልኳቸው፣ "ከእናንተ ውሻ የሚፈራው ማን ነው? ጎረቤት የሚያማውስ? እንግዳ ሲመጣ ድስቱን የሚደብቀውስ?"

ሦስቱም ጀግንነታቸውን ማሉልኝ።

"ታዲያ ይሄ መንደር ነው ሰልፍ?"

ቶሌራ ሳቀብኝ። "እስቲ ጋሼ፣ እርስዎ ይፍጠሩ!"

ፈጠርኩ። ኦቦ ጉርሜሳ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ፣ ጎራዴ የለው፣ ሰላምታ ሳይጨርስ ነገር አይጀምር። እንዲህ ያለ ሰው ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ ሞልቷል። አንዱ መንገድ ላይ ሰላም ብሎኝ እስኪጨርስ የምጎትታት በግ ወልዳ ጡት አስጥላለች።

ኦቦ ጉርሜሳ በጀግኖቹ መሀል ሹልክ ብሎ ዘንዶው ፊት ቆመ። "አካም ጂርታ? ደህና ነህ ወይ?" አልኩ በእሱ አፍ።

የቀረበ ሰላምታ ሳይመለስ ይቀራል እንዴ? ላሊሴ ልማድ ይዟት "ፋያ፣ ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን" አለች። ዘንዶው የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ምእመን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

"ልጆችስ?"

"ደህና ናቸው።"

"ዝናቡስ?"

"ዘንድሮ ጥሩ ነው።"

"ከብቶችስ?"

ላሊሴ ተደናቀፈች። "ኤሱማ..." አለችኝ፤ አጎቴ ማለቷ ነው። "በልቻቸዋለሁ።"

"የማንን?"

"የመንደሩን።"

"ይሄማ በሽማግሌ የሚታይ ነው" አልኩ።

ከዚያ በኋላ ጎራዴውን ማን ያስታውሰው! ቶሌራ ለዘንዶው ዋስ ሆነ። ቦንቱ ጀግንነቷን ትታ ላሟ የተበላባት ባልቴት ሆነች፤ የተበላችው አንዲት ላም፣ ለቅሶው የመንጋ። ሄኖክ የሐሰት ምስክር ወጣው፤ ያውም የተዋጣለት። ላሊሴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የመበተኑ ወሬ በዚያው ቀረ።

ሲነሱ ቦንቱ "ከእንግዲህ እርስዎም ተጫዋች ነዎት" አለችኝ። "ግን በሚቀጥለው ራስዎን የማይመስል ሰው ይፍጠሩ።"

ቀላል ነው አልኩና እዚያው ፈጠርኩላቸው። እውነት ብቻ የሚናገር፣ ቅንጣት የማያጋንን፣ ቁም ነገረኛ ሰውዬ።

ተያዩ። ላሊሴ ራሷን ነቀነቀች።

"ኤሱማ፣ ዘንዶ ሲያወራ አምነናል። ይሄን ግን ማን ያምናል?"