የጋሼ ሷሊሕ የጥላ ልክ

በየሰፈሩ፣ ማንም ሳይሾመው የሰውን ሁሉ ጤና ተረክቦ የሚያስተዳድር አንድ ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ የጨጓራ ኃላፊ ነው፤ ምን በላችሁ ብሎ ይመረምራል። አንዳንዱ የደም ግፊት ኃላፊ ነው፤ ጨው ከእጃችሁ ይነጥቃል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ናትና ለእኛ ሰፈር የደረሰን የፀሐይ ኃላፊ ነው።

ክቡር ጋሼ ሷሊሕ፣ የቀወት ወረዳና የአካባቢዋ የፀሐይ ጉዳይ የበላይ ጠባቂ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። ከደብረ ሲና የመጣ መንገደኛ ገና ከመኪና ሳይወርድ ጃኬቱን በሚያወልቅባት ከተማ፣ እሳቸው እጅጌያቸውን እስከ አንጓቸው ቆልፈው፣ ሰፊ የሰሌን ባርኔጣ ደፍተው፣ በዚያ ላይ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው ይሄዳሉ። ለማያውቃቸው ሰው ዝናብ የሚጠብቁ ይመስላሉ።

አሰላሙ አለይኩም ካሉ በኋላ ከአፋቸው የሚወጣው ቃል አንድ ነው። «ጥላህን እየው!»

ከዚያ ጎንበስ ብለው መሬቱን በጃንጥላቸው ጫፍ እየነካኩ ጥላችሁን ይለካሉ። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ከረዘመ ያሰናብቷችኋል። ካጠረ ግን አለቀላችሁ። «ግባ! አሁን ቆዳህንና ዓይንህን የሚበላው ሙቀቱ እንዳይመስልህ፤ አልትራቫዮሌት ነው!» ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ሲጠሩ፣ አጠገባቸው የቆመ ሰው እያሙ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሰፈሩም ስም አወጣላቸው፤ ጋሼ አልትራ።

የጥላውን ነገር የወረሱት ከአባታቸው ነው። የእጅ ሰዓት ብርቅ በነበረበት ዘመን አባታቸው መስጊድ ደጅ ቆመው፣ ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ፣ የዙሁርና የዐስር ሰላት መድረሱን ያሳውቁ ነበር አሉ። «አባቴ በጥላ ሰውን ወደ መስጊድ ያስገባ ነበር፤ እኔ ወደ ቤት አስገባለሁ» ይላሉ ጋሼ ሷሊሕ፣ ሹመቱ በዘር የመጣ መሆኑን እንድናውቅላቸው።

ከእሳቸው ቁጥጥር ያመለጠ የንግድ ቤት የለም። ረድዋን ፀጉር ቤት ውስጥ ቶንዶስና ማበጠሪያ ከጀርም እንዲጸዳ የሚቀመጥባት፣ ሐምራዊ መብራት የምታበራ ሳጥን አለች። አንድ ቀን ግማሽ ራሴን ተላጭቼ እንደተቀመጥኩ ጋሼ ሷሊሕ ገቡ።

«ረድዋን፣ ይህ መብራት ሳጥኑ ሲከፈትም ይበራል?»

«አዎ ጋሼ! አዲስ ነው፤ ሌት ተቀን አይጠፋም!»

«እንግዲያው ውሸታም ነው። ዋናው መብራት እኮ፣ የሰው ዓይን እንዳያቃጥል፣ በሩ ሲከፈት ይጠፋል። ይሄ የሠርግ ቤት አምፖል ነው። ጀርሙን እየገደልከው መስሎሃል? እየዳርከው ነው!»

ረድዋን ዋናው አምፖል ከተቃጠለ መንፈቅ እንዳለፈው አመነ። እኔም ቀሪው ግማሽ ራሴ የተላጨው ቶንዶሱ በአልኮል ከተጠረገ በኋላ ነው።

መናኸሪያው በር ላይ መነፅር የሚሸጠውን ልጅማ እንጀራውን ሊያሳጡት ምንም አልቀራቸው። «ጥቁር ስለሆነ ብቻ ይከላከላል ያለህ ማነው? ጨረሩን ካላገደ ከባዶ ዓይን ይብሳል። ብሌን ጨለማ መስሎት በሰፊው ይከፈታል፤ በሩን ከፍቶ ሌባ መጋበዝ እኮ ነው!» ልጁ ከዚያ ወዲህ ጥቁር ጃንጥላ ከሩቅ ሲያይ ዕቃውን ይሰበስባል።

በሌላ በኩል ደግሞ ይህችኑ የሚረግሟትን ጨረር ሥራ ያሠሯታል። ቧንቧ ጠፍቶ ከወንዝ የተቀዳ ውሃ በጠጣን ሰሞን፣ ጥርት ያለውን ውሃ ጥርት ባለ ጠርሙስ እያስሞሉ፣ በየቆርቆሮው ላይ ስድስት ስድስት ሰዓት አስተኙት። ጣሪያችን ሁሉ ከሩቅ ያብረቀርቅ ስለነበር የደሴ ሾፌሮች ውሃ አከፋፋይ መስለናቸው ይቆሙ ጀመር። «ጋሼ፣ ክፉ ናት አላሉንም እንዴ?» ስላቸው፣ «እሳትስ ክፉ ነው? እንደ አያያዝህ ነው» አሉኝ። የዚያን ሰሞን በእኛ ሰፈር ሆዱን የቆረጠው ልጅ አልነበረም፤ እኔ ግን አፍ አውጥቼ አላመሰገንኳቸውም።

ምክንያት ነበረኝ። ጋሼ ሷሊሕ ቤቴ ድረስ መጥተውብኝ ነበር።

ልጄ ኢልሀም ስትወለድ አዲሱ ቤታችን ገና ማለቁ ነው። ባለ ትልልቅ መስታወት መስኮት ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ብርሃን ይሞላዋል። የባለቤቴ የዙልፋ እናት እትዬ ዘምዘም ደግሞ ምች የሚባለውን ነገር ከጅብ አብልጠው የሚፈሩ ሴት ናቸው። «ይቺን የመሰለች አራስ ልጅ ደጅ ወጥታ ፀሐይ ይምታት? ወላሂ አይሆንም!» ብለው ዳማከሴያቸውን እንደ መሣሪያ ታጥቀው በሩን ጠበቁ። እኔም አስታራቂ ሆንኩ። ልጅቷን መስኮቱ ሥር አስተኛኋት፤ ፀሐይዋም ትገባለች፣ ምችም ደጅ ይቀራል። በብልሃቴ በጣም ኮርቼ ነበር።

ጋሼ ሷሊሕ ከአጥር ውጭ ሆነው ይህን ሰሙና ጃንጥላቸውን በአጥሩ አሾልከው መስታወቱን አንኳኩ። «ጣሪቅ! መስታወት ሙቀቱን ያስገባል፤ አጥንት የሚያጠነክረውን ጨረር ግን ደጅ ያስቀረዋል። ጥላዋ ከቁመቷ ትንሽ በለጥ ሲል፣ እጇንና እግሯን ገልጠህ፣ ሩብ ሰዓት አውጣት!»

ተናደድኩ። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ፀሐይ ከመሬት ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትርቅ በቃሌ የማውቅ ሰው፣ ስለ ፀሐይ ከአጥር ውጭ አልማርም አልኩ። መጋረጃውን ጎተትኩት።

ኢልሀም ዓመት ሞላት፤ አልቆመችም። ዓመት ከመንፈቅ ሆናት፤ ስናቆማት ታለቅሳለች፤ እግሮቿም ወደ ውጭ ጎበጥ ማለት ጀመሩ። ዙልፋ ሌላ ነገር ማውራት አቆመች። እኔም ትምህርት ቤት ደጅ የሚሯሯጡ ሕፃናት ሳይ ፊቴን አዞር ጀመር። ልጄ ትሄድ ይሆን? ይህንን ጥያቄ ጮክ ብዬ መጠየቅ እንኳ ፈራሁ።

በመጨረሻ ጋቢ ለብሰን፣ በጣርማ በር ጉም ውስጥ አልፈን፣ ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ ወጣን። ሐኪሟ የልጅቷን እግር አየች፤ ደሟንም አስመረመረች።

«የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው። ጠብታ አዝላታለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን ፀሐይ አታሞቋትም እንዴ? ከየት ነው የመጣችሁት?»

«ከሸዋ ሮቢት» አልኩ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ ሁሉ ሐሩር ወጥቼ፣ ብርድ አገር ድረስ የመጣሁት፣ ልጅህ ፀሐይ አጥታለች ለመባል ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በማግስቱ ጋሼ ሷሊሕ ደጃፍ ቆምኩ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ «ብዬህ ነበር» አይሉኝም ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። አራት ጊዜ አሉኝ። ካሉኝ በኋላ ባርኔጣቸውን ደፍተው ተከተሉኝ።

እትዬ ዘምዘምን ያሳመኗቸው እሳቸው ናቸው። «አንቺ ዘምዘም፣ ዳማከሴሽን ይዘሽ አጠገቤ ተቀመጪ። ምች ከመጣ እኔን ቀድሞ ይመታኛል» አሏቸው። ሴትየዋም የእውነት ዳማከሴያቸውን ይዘው ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ሙሉ፣ ጠዋት ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ጋሼ ሷሊሕ አልቀሩም። ሩብ ሰዓት ሲሞላ «በቃ፣ ግቡ!» ይላሉ፤ ልመናም አይሰሙም።

ሰውን ሁሉ ለምን እንደሚጨቀጭቁ የነገሩኝ በእነዚያ ጠዋቶች ነው። በጎልማሳነታቸው በያጅ ነበሩ። የግማሹ ከተማ የብረት በር የእሳቸው ሥራ ነው፤ ሁሉንም የበየዱት ያለ ጭንብል ነው። «ከብየዳው የሚወጣውም ያው አልትራቫዮሌት ነው። ማታ ዓይኔ አሸዋ የሞላበት ይመስለኛል፤ ድንች ቆርጬ ለጥፌበት እተኛለሁ። ጠዋት ተመልሼ እበይዳለሁ። የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ጣሪቅ። አንድ ሰው መንገድ ላይ አቁሞ ቢጨቀጭቀኝ ኖሮ!»

አንድ ጠዋት ኢልሀም የታጠፈውን ጃንጥላ ተደግፋ ቆማለች። የጋሼ ሷሊሕ ጥላ፣ ባርኔጣው ጭምር፣ ግቢው ላይ ተዘርግቷል። ኢልሀም የባርኔጣውን ጥላ አየችና ጃንጥላውን ለቀቀችው። አንድ እግር አነሳች። ደገመች። ጥላው ላይ ለመውጣት ነው መሰለኝ፣ እየተንገዳገደች ገሰገሰች፤ ባርኔጣው ላይ ስትደርስ ዝርግት ብላ ተቀመጠችበት። ዙልፋ እልልታዋን ለቀቀችው።

«ምነው? ምን ሆነች? ወደቀች?» አሉ ጋሼ ሷሊሕ፣ ፊታቸውን ወዲያ ወዲህ እያዞሩ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ጎንበስ ብለው መሬቱን በጃንጥላ የሚነካኩት ለጉራ ይመስለኝ ነበር። ግራ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል፤ ቀኙም ብዥ ይላል። የሰፈሩን አረጋውያን ሁሉ ጎትተው በየዓመቱ ሞራ ሊገፉ ከተማችን ወደሚመጡት የዓይን ሐኪሞች ዘመቻ ሲያስገቡ፣ እሳቸው ራሳቸው በር ላይ እየቀሩ ኖረዋል።

«ሄደች ጋሼ! ብቻዋን ሄደች!»

«ስንት እርምጃ?»

«ሰባት።»

«ሰባት እርምጃ... አልሐምዱሊላህ» አሉና ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ጠረጉበት። «ጥላዋ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። እግሯን ነው ያላየሁት።»

መሬቱን ሳይ፣ ሩብ ሰዓታችን አልፏል፤ ጥላቸው ከቁመታቸው አጥሯል። እሳቸው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ረስተውታል።

«ጋሼ፣ ጥላዎ አጥሯል፤ ይግቡ» አልኳቸው። «ሐሙስ ደግሞ የዓይን ሐኪሞቹ ይመጣሉ። እዚያም ይገባሉ፤ እኔ ነኝ የምወስድዎ። ሞራው ተገፎ የኢልሀምን ስምንተኛ እርምጃ በዓይንዎ ያዩታል። ልመና አልሰማም!»

ጋሼ ሷሊሕ ወደ ድምፄ ዞረው ከላይ እስከ ታች ገመገሙኝ።

«አንተን ደግሞ ማን ሾመህ?» አሉ። ጃንጥላውን ግን ሰጡኝ።