ስለ ጥጃው መፈታትና ሳምራን ማን እንዳሳደጋት

እሁድ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ዲላ፣ የእድራችን ቤት። ለአራት ሰዓት የተጠራ ስብሰባ በአምስት ሰዓት ተጀመረ።

ጸሐፊው እኔ ከፈለኝ ይርጉ ነኝ። ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ነው። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ እንጨት የምፈልጠውም፣ ልብስ የማጥበውም፣ ወጥ የምሠራውም ራሴ ነኝ፤ ጨው በዛበት የሚል አይብላው። ቀብር ሲኖር ዛሬም እቆፍራለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ስለዚህ አንዱ የተናገረውን ጽፌ እስክጨርስ ሌላው አይናገርም። ደንብ ነው። ደንቡን ያወጣሁትም እኔ ነኝ።

የተገኙ፦
አቶ መልከጼዴቅ፣ ሰብሳቢ (ከሳሽም ናቸው)
ወ/ሮ ሸዋአለም፣ የእድሩ ዕቃ ኃላፊ
መምህር አምሃ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ፣ ኦዲተር
አቶ ለሚ፣ አባል (የጥጃው ባለቤት)
እኔ፣ ጸሐፊ (የተከሳሿ አያት)

ከሰባት አምስት ስለተገኘ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። የሟች ባለቤቴ እህት ወ/ሮ የትምወርቅ ከገደብ ከተማ ስለመጡ በእንግድነት ተቀመጡ።

አጀንዳ አንድ፦ የጥጃው መፈታት

ሰብሳቢው እንዳስረዱት የአቶ ለሚ ጥጃ ማክሰኞ ዕለት እሳቸው ጓሮ ገብቶ አዲስ የተተከለ እንሰት በላ። እሳቸውም እንደ ወጉ ባለቤቱ ሽማግሌ ይዞ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ጥጃውን አሰሩት። የልጅ ልጄ ሳምራ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈታችው። ለምን ስትባል “ባለ ክንፉ ቢሆን ይፈታው ነበር” አለች።

ላላየ ሰው፦ በእድሩ ቴሌቪዥን እሁድ ከሰዓት ትርጉም ፊልም ይታያል። ባለፈው የታየው ሁለት ኃያላን ነበሩበት፤ ሁለቱም እናት አባት የላቸውም። ባለ ክንፉን አክስቱ አሳደገችው፣ “የታሰረ ይፈታ” ባይ ነው። ባለ ጭምብሉን ወታደር አጎቱ አሳደገው፣ “ያጠፋ ይታሰር” ባይ ነው። በዚህ ተጣልተው አንድ ከተማ አፈረሱ። ከተማውን ማን መልሶ እንደሠራው ፊልሙ አይናገርም።

አቶ ለሚ ጥጃው ቤቱ ስለገባ ክርክር የለኝም፣ ጥጃዬ ደግሞ ፊልም አይቶ አያውቅም አሉ። ሰብሳቢው “የኔስ እንሰት ፊልም አይቶ ያውቃል?” ብለው ጠየቁ።

መምህር አምሃ በረጅሙ አብራሩ። የኃያላኑ ዓላማ የተለያየው በአስተዳደግ ነው፤ ሳምራም በልቅ አስተዳደግ የተነሳ ወደ ባለ ክንፉ አዘንብላለች አሉ። “ልቅ” የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደግሜ ጻፍኩት። ሦስተኛ ላስደግማቸው ስል “ልቅ እንኳ ባይሆን፣ ጋሽ ከፈለኝ” አሉ። ተጽፏል አልኳቸው።

ሰብሳቢው ትክክለኛው ባለ ጭምብሉ ነው፣ እኔንም አባቴ በአለንጋ ነው ያሳደገኝ፣ ምን ሆንኩ? አሉ። አቶ ለሚ ምን እንደሆኑ ሊዘረዝሩ እጅ አወጡ። ሰብሳቢው “አንተ ደግሞ አንድ ጥጃ መጠበቅ ያቃተህ ልፍስፍስ!” ብለው ሲጀምሩ፣ እዚህ ላይ ይቆዩ አልኳቸው። ስድቡን ጽፌ ቀና እስክል ጣታቸውን እንደቀሰሩ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ “ምን ልል ነበር?” አሉ። አቶ ለሚም አላስታወሱላቸውም።

ሌሎች ሐሳቦችም ቀረቡ። ባለ ክንፉን ያሳደገችው አክስት ስብሰባ እንደቀረ አባል ተቆጥራ ትቀጣ ተባለ። መምህር አምሃ ሳምራ ከሰኞ እስከ ረቡዕ በባለ ጭምብሉ፣ ከሐሙስ ጀምሮ በባለ ክንፉ ሥርዓት ትደግ አሉ። እሁድን ለማን እንስጥ በሚለው ስምምነት ጠፋ።

ወ/ሮ የትምወርቅ ልጅቷን ገደብ ወስጄ ላሳድጋት አሉ። “ጋሼ፣ አይክፋህ። ሴት ልጅ በሽማግሌ እጅ ብቻ አታድግም። ጠጉሯን እንኳ ማን ይሠራላታል?” አሉ። እኔ ነኝ የምሠራት አልኩ። “ይታያል” አሉ።

ጉባኤው የወሰነውን እቀበላለሁ ብዬ አስቀድሜ ፈርሜያለሁ። የፈረምኩትን አላጥፍም።

ከረጅም ውይይት በኋላ የወ/ሮ የትምወርቅ ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ። ሰብሳቢውና መምህሩ ደገፉ። አቶ ለሚ እጃቸውን እስከ ጆሯቸው ስላነሱ እንደ ድጋፍ ተያዘ። ወ/ሮ ሸዋአለም ድምፅ አልሰጡም። እኔ ተቃወምኩ።

ውሳኔ አንድ፦ ሳምራ ለወ/ሮ የትምወርቅ ተሰጥታ ገደብ እንድታድግ።

ይህችን አንድ መስመር ለመጻፍ ብዙ ቆየሁ። ማንም አላጣደፈኝም።

አጀንዳ ሁለት፦ ልዩ ልዩ

ወ/ሮ ሸዋአለም ተነሱ። ፊልሙን ዕቃ እያጠብኩ ከኋላ ነው ያየሁት አሉ። “ባለ ክንፉ እናቱ የሞተች ዕለት ቤቱን ጎረቤት ሞላው። ያኛው ግን አስከሬን ሲወጣ መስኮት ላይ ብቻውን ነበር የቆመው። ድንኳን የተከለለት የለ፣ ንፍሮ የቀቀለለት የለ። እናንተ አክስት አጎት ትላላችሁ፤ ልዩነቱ እድር ነው።” መምህር አምሃ ይህ በየትኛውም ጥናት የለም አሉ። “እንግዲያ ጨምርበት” ተባሉ።

ወ/ሮ ሸዋአለም ቀጥለው “ጋሽ መልኬ፣ ጥጃውን በምን አሰሩት?” ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ማንም እንዳይፈታው በእድሩ ድንኳን ቋጠሮ ነው አሉ። ከድንኳን ተካዮች ሌላ ያን ቋጠሮ የሚያውቅ አለ? የለም አሉ። ታዲያ ልጅቷን ማን አስተማራት?

ሰብሳቢው ጥግ የተጠቀለለውን ድንኳን አዩ። የሚጻፍ ስላልነበረ እኔም አየኋቸው።

በመጨረሻ ተናገሩ። የሳምራ እናት፣ የእኔ የጸሐፊው ልጅ፣ ያረፈች ጊዜ ሳምራ አራት ዓመቷ ነበር። ማባበል አቅቶን ነበር። “ድንኳኑ ጥግ አስቀምጬ ቋጠሮ አሳየኋት” አሉ። “ሦስቱን ቀን እኔ ሳስር እሷ ስትፈታ ዋልን። የቻለች ጊዜ ሳቀች። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።”

አቶ ለሚ እኔም እስከ አምና ወተቷን ሳመላልስ ነበር አሉ። “ላሚቱም የዚያው ጥጃ እናት ናት። ልጅቷ እኮ ወንድሟን ነው የፈታችው።” መምህር አምሃም ቅዳሜ ቅዳሜ አስጠናታለሁ፣ ልቅ ስትሆን አይቻት አላውቅም አሉ። ከላይ ያሉት ይሰረዝ ወይ ስላቸው በቀይ ይሰረዝ አሉ። ቀይ የለኝም።

ወ/ሮ የትምወርቅ ወዲያና ወዲህ ተመለከቱ። “ታዲያ እኔ ማንን ልውሰድ? ለኮሚቴ የሚሆን አልጋ ገደብ የለኝም” አሉ። ጠጉሯን ብቻ ሠርቼላት ማታ በአውቶቡስ እመለሳለሁ አሉ።

እንደገና ከረጅም ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦ ውሳኔ አንድ ተሽሯል። በአክስቲቱ ላይ የታሰበው ቅጣት ቀርቷል። ከሰኞ እስከ ረቡዕ የተባለው አልተባለም። ጥጃው እንዳልታሰረ፣ እንዳልተፈታም ይቆጠራል። እንሰቱ ብቻ እንደተበላ ይቆያል።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን።

ጸሐፊው ራሱ የሚከፍለው ዕዳ፤ ማንም እንዳያግዘኝ፦
ለአቶ መልከጼዴቅ፣ በተበላው ፈንታ የእንሰት ችግኝ። ኢዲዶ ድረስ ሄጄ አመጣለሁ፣ ጉድጓዱንም እኔ እቆፍራለሁ።
ለአቶ ለሚ፣ ጓሮውን ማጠር። ጥጃው ያው ጥጃ ነው።
ለወ/ሮ ሸዋአለም፣ ትልልቁን የእድር ድስት እስከ ፋሲካ ማጠብ።
ለወ/ሮ የትምወርቅ፣ “ይታያል” ላሉኝ አንድ ጥሩ መልስ። እስካሁን አልመጣልኝም።
ለሳምራ፣ አንድ መልስ። ጠዋት ከቤት ስወጣ የእንግዳዋን መምጣት ሰምታ በር ላይ “አባባ፣ ይወስዱኛል?” ብላ ጠይቃኝ “ጉባኤው ያውቃል” ብያት ነው የመጣሁት። መልሱን ይዤ እየሄድኩ ነው። መንገድ ላይ የሚቀድመኝ አባል ቢኖር አፉን ይያዝልኝ።