ምስማር የሚይዝ ቋሚ

ሰው ቤቱ ግድግዳ እንዳለው የሚያውቀው ቴሌቪዥኑ ሲወሰድ ነው። እኔ እስከዚያ ድረስ ግድግዳ ማለት ንፋስ የሚከለክል ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጦርነቱ ከተማችን ሐይቅ ሲደርስ ሸሽተን፣ ነገሩ በርዶ ስንመለስ፣ በሌለንበት ቤታችንን የጎበኙት ሰዎች ቴሌቪዥኑን ከነጠረጴዛው ይዘውት ሄደዋል። የቤተሰባችንን ፎቶዎች ግን ወለሉ ላይ ዘርግፈው ትተውልናል። የሰው ዘመድ ማን ይፈልጋል?

ባለቤቴ አስናቀች መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ ባዶውን ግድግዳ አየች፤ ከዚያ ዓይኗ በራ። ከዳር እስከ ዳር በፎቶ እንሙላው አለች። ደስታዋ ተጋባብኝ። ዘመድ ከቴሌቪዥን በምን ያንሳል? መብራት ቢጠፋ እንኳ አይጠፋም። ፍሬምም አላነሰንም፤ ለውጡ የመጣ ሰሞን የዘመኑን ሰዎች የሰቀልኩባቸው ነበሩ። ሰዎቹን አንድ በአንድ ባወርድም ፍሬሞቹን አልጣልኩም። ፍሬም መቼም በማንም አይቀየምም።

ጉዳዩ ግን ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ለልጃችን ለሰላም እሑድ ሽማግሌ ይመጣል ተብሏል። የሁለት ሰዎች እሺታ ካልተገኘ ደግሞ ልጅቱ አትሰጥም፤ የእናቴ ወንድም ሐጂ ይመርና የአስናቀች አባት ቄስ ታደሰ። አጎትህ ሐጂ፣ አማትህ ቄስ፣ እንዴት ነው ነገሩ ብሎ የሚጠይቅ ካለ ወሎን አያውቅም ማለት ነው። ሁለቱም በክብራቸው ለመጣባቸው ሰው አይመለሱም። ሐጂ አንድ ሠርግ ላይ በር አጠገብ አስቀመጡኝ ብለው እህል ሳይቀምሱ ወጥተዋል። ቄሱም ስማቸው ከሌላ ሰው ቀጥሎ ስለተጠራ አንድ ሁዳዴ ሙሉ አኩርፈዋል።

ስለዚህ ዕቅዳችን ረቂቅ ነበር፤ ሁለቱ መሐል ላይ ጎን ለጎን፣ በክር ተለክተው፣ የቀረው ዘመድ በዙሪያቸው። ሰሌን ላይ ደርድረን አየነው፤ አማረ። ሹመት የማደላድል ንጉሥ የሆንኩ መሰለኝ።

ቅዳሜ መዶሻ አነሳሁ። የመጀመሪያውን ምስማር ስመታ ጭቃው ከነጭዱ ተገምሶ እግሬ ላይ ወረደ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው። ለካ ማገሩን ምስጥ ጨርሶታል። ግድግዳውን በጣቴ እያንኳኳሁ ዞርኩ፤ ምስማር የሚይዝ አንድ ቋሚ ብቻ ተገኘ። ቋሚ ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ ወደ ላይ ነው የሚቆመው። ጎን ለጎን ብሎ ነገር ቀረ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከሥር፣ ሌላው ዘመድ እዚያው ሰሌኑ ላይ።

ማን ከላይ? አስናቀች አባቴ አለች፤ እኔ አጎቴ አልኩ። በትዳራችን እንደዚያ ቀን ተከራክረን አናውቅም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በመጨረሻ በዕድሜ ይሁን ብለን ሐጂን ከላይ፣ ቄሱን ከሥር ሰቀልን። ፈራሁ፣ እውነቴን ነው። የልጄ ዕድል በሁለት ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ከውጫሌ መጥተው በር ላይ ቆሙ። የቤቱ አዛውንቶች ሳይቀመጡ እነሱ አይቀመጡም፤ የቤቱ አዛውንቶች ደግሞ ግድግዳውን ያያሉ። የሐጂ ይመር ፊት ተለዋወጠ። ወላሂ አይሆንም፣ የአላህን ቤት የሚያገለግሉ ሰው ከሥሬ ተሰቅለው እኔ እዚህ ቤት ውሃም አልቀምስ፣ አሁኑኑ አውርዱኝ አሉ። ቄሱ በበኩላቸው ከታላቄ በላይማ አልሰቀልም፣ በሞቴ ሐጂ፣ ባሉበት ይሁኑ አሉ። አንዱ አውርድ ሌላው ተው ሲሉኝ እኔ መዶሻዬን ይዤ በመሐላቸው ተመላለስኩ። ዝቅ አደረጋችሁኝ ብሎ የሚያኮርፍ ሰው፣ ዝቅ በል የሚለው ሲጠፋ ራሱ ዝቅ ይላል።

ሽማግሌዎቹ እግራቸው ሲዝል የመጡበትን ትተው ለማስታረቅ ገቡ። ትልቁ፣ አብሽሩ፣ መላ አለው አሉ። የላዩን ቦታ ለአንድ ልጅ ብንሰጠው ላይ መሆን ክብርነቱ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ከማንም ሥር ቢሆን ነውር የለውም።

ይሄኔ ሰላም ከጓዳ ብቅ አለች። በእጇ ፍሬም የገባ ፎቶ ይዛለች፤ አንድ ጎረምሳ ጥቁር መነጽር አድርጎ ባጃጁን ተደግፏል። መቼ እንዳዘጋጀችው አልጠየቅኩም። ሐጂ ይህ ደግሞ የማን ልጅ ነው ቢሉ፣ ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ የእኛ ነው አሉ። ቄሱ፣ እንግዲያው ክርክሩ ይለቅ ብለው በገዛ እጃቸው ከላይ ሰቀሉት። ሐጂ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ አሜን አሉ፣ ሁሉም ተቀመጠ፣ ምሳ ቀረበ።

ሠርጉ በጥር ተደገሰ፤ አማረም። ልጅህን ስጠን ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም።