የማን ወገን ነው?

እኛ ሰዎች አራስ ጥየቃ ስንሄድ ዳኞች ሆነን ነው። እናቲቱ ገና ወገቧ ሳይጠና፣ ጨቅላው ዓይኑን ሳይገልጥ ክርክሩ ይጀመራል፤ አፍንጫው የአባቱ ነው፣ ግንባሩ የእናቱ፣ ጆሮው ደግሞ የአያቱ። ለቅሶውን ሰምቶ «ይሄ የአጎቱን ቁጣ ይዟል» የሚልም አይጠፋም። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ የምንከራከረው ስለሚታየው ብቻ ነው። ከቆዳ ሥር ስላለው ውርስ የሚጠይቅ የለም። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች፣ የአንዱን ቤት ደም እንኳ አስመርምረን አናውቅም።

ይህን የሚያስብለኝ አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው ጎረቤቴ አስራት ነው። የእሱም የሚስቱ የታደለችም ወላጆች ከደቡብ ምዕራብ መጥተው ኮልፌ ላይ ያረጁ ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው ሜሮን ዳዴ ማለት እንደጀመረች አንድ ጠዋት አተኮሳት። ትኩሳት የማያውቅ ልጅ የለምና፣ ጥርስ ልታወጣ ነው ብለን ፈረድን። ከሰዓት ሐኪም ቤት ሲያደርሷት ነገሩ አልቆ ነበር።

ከቀብር መልስም ዳኝነቱ ቀጠለ። የአስራት እናት እማማ አስካለ፣ በእኛ ወገን ሕፃን እንዲህ ሲቀጠፍ አይተን አናውቅም አሉ። የታደለች እናትም በእኛም ወገን ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አያቶች በሰው ለቅሶ ላይ እንኳ ጎን ለጎን አይቀመጡም።  

ቆይቶ ዳዊት ተወለደ። እሱ ደግሞ እጅና እግሩ ያብጣል፤ ሲነኩት ይጮኻል። ብርድ ነው ተብሎ በቅቤ ታሸ። ወለምታ ነው ተብሎ ወጌሻ ዘንድ ተወሰደ። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም የልጁን ደም አስመረመረች፤ ቀጥላም የአባትና የእናቱን። ውጤቱ የተነገረ ዕለት እማማ አስካለን ደግፌ ሄጄ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ። የልጁ ቀይ የደም ሴል ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ማጭድ ይታጠፋል፤ ጠባብ የደም ሥር ውስጥ ሲገባ ይሰነቀራል፤ ሕመሙም እብጠቱም ከዚያ ነው። መድኃኒት አለው፣ ክትትል ይፈልጋል፣ ትኩሳት ከመጣ ግን ለነገ አይባልም።

እማማ አስካለ ወደ ሐኪሟ ዞሩ። «ልጄ፣ የማን ወገን ነው?»

«የሁለቱም ነው፣ እማማ። ከአባቱም ከእናቱም እኩል ወርሶ ነው። ከአንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ አይታመምም ነበር።»

እነሆ ፍርድ። ያ ሁሉ ሙግት እኩል ለእኩል ተዘጋ።

ታደለች ስለ ሜሮን ጠየቀች። ሐኪሟ እንዲህ ያሉትን ሕፃናት ትኩሳት ፈጥኖ እንደሚጥላቸው፣ አሁን ግን እርግጡን ማወቅ እንደማይቻል ነገረቻት። ስትወለድ ከተረከዟ አንድ ጠብታ ደም ተወስዶ ቢሆን ኖሮ ይታወቅ ነበር፤ በየቀኑ በሚዋጥ ተራ መድኃኒትም መከላከል ይቻል ነበር። አስራት ታዲያ ለምን አልተወሰደም አለ። ለሁሉም አራስ አይሠራም፣ መመርመሪያው አይዳረስም አለች፤ ጥፋቱ የእሷ ይመስል አንገቷን ደፍታ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይላል ተረታችን። ተረቱ ሙቀጫ የሌለውን ሰው ግን አላሰበውም።

ዳዊት ዛሬ ክኒኑን እየዋጠ፣ አልፎ አልፎ እያመመው ያድጋል። በቅርቡ ደግሞ ታደለች እህቱን ወለደች። ሐኪሟ ነገሩን ስለምታውቅ መመርመሪያዋን ይዛ አራስ ክፍሉ ድረስ መጣች። ተረከዟን ወጋ አደረገቻት፤ ሕፃኗ አንዴ ጮኻ ተወችው። እኛ ገና ወሬ ሳንጀምር ውጤቱ ደረሰ። ከአንድ ወገን ብቻ ወርሳለች፤ አትታመምም። እማማ አስካለ እልል አሉ፤ የታደለች እናት ተቀበሏቸው። ከየትኛው ወገን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ታደለች ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አስራት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ደህና ናት እኮ፣ የኔ እናት። ምን ያስለቅስሻል?»

«ይቺው ጠብታ ደም ናት?» አለችው። «ይቺን የምታህል ነገር ነበረች?»

 እኔም፣ ለወሬ የማላንሰው ሰውዬ፣ ኮፍያዬን አንስቼ ወጣሁ።